ለክፉ ቀን ቤት ውስጥ ምን ይቀመጥ?

ባለፈው እትም ለድንገተኛ አደጋ ስለ መዘጋጀት ጥቂት መስመር ብንጽፍ የጥያቄ ጎርፍ ነው የመጣብን። ስለዚህ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎችም አሳጥረናቸዋል።

«አምስት ቤተሰብ ነን፤ ቤታችን ሁለት ክፍል ናት። የመሬት መንቀጥቀጥም ይሁን ጎርፍ መጥቶ ውሃና መብራት ለቀናት ቢጠፋ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ባለቤቴ ‹ምን ሟርተኛ አደረገሽ› እያለ ይስቅብኛል። አንድ ዝርዝር አግኝቼ ነበር፣ ከመቶ በላይ ዕቃ አለበት፤ ገና ሳነበው ደከመኝ። ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ዝርዝር ወደዚያ በይው። እንደዚህ ዓይነት ዝርዝር ሰውን ከማዘጋጀት ይልቅ ተስፋ ያስቆርጣል። ከውሃ ጀምሪ። ውሃው ተሟልቶ እስኪያልቅ ሌላ ምንም አትግዢ። ሰው ምግብ ሳይበላ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ጥቂት ቀን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ያዢ፣ ግማሹ የሚጠጣ፣ ግማሹ ለማብሰያና እጅና ፊት ለመታጠቢያ። ይህ የሚንበሸበሹበት መጠን አይደለም፣ ልብስም አይታጠብበትም። ለአምስት ሰው ሦስት ቀን 60 ሊትር ይሆናል፣ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ሦስቱ ጀሪካን ከአልጋ ሥር ወይም ከበሩ ጀርባ ይገባሉ። ለሳምንት ካልሽ 140 ሊትር፣ ሰባት ጀሪካን። መጀመሪያ ሦስቱን ሙይ፣ ሌላው ቀስ እያለ ይደርሳል።

ጀሪካኑ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ከሆነ ለመጠጥ ውሃ እንዳታስቢው፤ የቱንም ያህል ብታጥቢው ፕላስቲኩ ውስጥ የገባውን አታወጪውም። ንጹሑን በሳሙና አጥበሽ አለቅልቂው። ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ በረኪና አድርገሽ ውስጡን በደንብ ናጪበት፣ ድፊው፣ አለቅልቂውና ሙይ። ክዳኑንና አፉን አትርሺ፣ እጅ የሚነካው እዚያ ነውና። ጥላ ቦታ አስቀምጪ። በየስድስት ወሩ ገልብጠሽ በአዲስ ተኪው፤ የድሮውን ለጽዳት ተጠቀሚበት፣ እንዲሁ አይፈስም።

የማስቀመጫው ቦታ እንደምትፈሪው አደጋ ይለያያል። ጎርፍ የሚያሰጋሽ ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ ደግሞ መሬት ላይ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ የሚተኛ ሰው ራስ ላይ ቢወርድ አደጋው እሱ ራሱ ይሆናል። ሁሉንም አንድ ቦታ አታከማቺ፣ ግድግዳ ቢደረመስ ሁሉም አብሮ ይቀበራል።

ያስቀመጥሽው ካለቀ ወይም ንጽህናው ካጠራጠረሽ አፍይው። መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ሦስት ደቂቃ። ማገዶ ከሌለ ሽቶም ሆነ ሌላ ነገር ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይሠራል፤ ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሊትር ንጹሕ የሚመስል ውሃ ሁለት ጠብታ፣ ከዚያ አማስለሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥሪው፣ ጠብታውንም እጥፍ አድርጊው። ስታሸቺው የበረኪና ሽታ ትንሽ መኖር አለበት። አንድ ነገር ልብ በይ፣ ማፍላትም በረኪናም ጀርም ነው የሚገድሉት። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ አያድኑትም። ጓዳ ውስጥ ዓመት የከረመ በረኪናም ጉልበቱ ስለሚቀንስ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ለባለቤትሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2018 ለመላው ቤተሰብ ስለ ቀውስና ጦርነት ዝግጅት በራሪ ጽሑፍ በየቤቱ ልካለች፤ በ2024 አሻሽላ ደግማዋለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2025 ማንኛውም ቤተሰብ ቢያንስ 72 ሰዓት ራሱን ችሎ እንዲቆይ መክሯል። ሁሉም ሟርተኛ አይደለም መቼም።

«50 ኪሎ ሩዝ ገዝቼ ‹ለክፉ ቀን› ብዬ አስቀመጥኩት። ከፍቼ ሳየው በነቀዝ ተሞልቷል። ገንዘቤ ገደል ገባ። ማከማቸት የሚባል ነገር አልሆነልኝም፣ ልተወው?»

አትተወው ወንድሜ፣ ግን አሠራርህን ቀይረው። የነቀዝ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ከእህሉ ጋር ነው ቤት የሚገባው፤ አንተ ካስቀመጥክበት ቦታ የመጣ ላይሆን ይችላል። ሙቀት ሲያገኝ ይፈለፈላል። ፍሪዘር ካለህ በየጥቂቱ በፌስታል አሥረህ አራት ቀን ያህል አስቀምጠው፣ ከዚያ ሳትፈታው ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቅና ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ገልብጠው። ፍሪዘር ከሌለህ 50 ኪሎ አንዴ አትግዛ፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ነጭ ሩዝ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ታሽጎ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል፤ ቡናማው ግን የፍሬው ስስ ሽፋን ላይ ዘይት ስላለበት በጥቂት ወራት ይበላሻል።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አንተ ሩዙን ለአደጋ ብለህ ለይተህ አስቀመጥከው፣ ከዚያ ረሳኸው። ለብቻው የተቀመጠ ምግብ ሁልጊዜ ይረሳል። ጃፓኖች የመሬት መንቀጥቀጥ የማይለያቸው ሕዝብ ናቸው፣ መንግሥታቸውም ቢያንስ የሦስት ቀን፣ ከተቻለ የሳምንት ስንቅ ቤት ውስጥ ይኑር ይላል። የሚመክረው ዘዴ «ሮሊንግ ስቶክ» ይባላል፤ በየቀኑ ከምትበላው ላይ ጥቂት ትርፍ ትይዛለህ፣ የቆየውን ትበላለህ፣ የበላኸውን ያህል ትተካለህ። አዲሱ ከኋላ፣ የቆየው ከፊት። በሳምንት አንድ ፓስታ የሚበላ ቤት ሦስት ወይም አራት ፓኬት ይኖረዋል እንጂ ሠላሳ አይኖረውም። ለብቻው ሄዶ የሚገዛ «የአደጋ ምግብ» የለም። ቤተሰቡ በሰላሙ ቀን የማይበላውን ነገር በጭንቅ ቀን በደስታ ይበላዋል ብለህ አትጠብቅ፣ በተለይ ልጆች።

ሲሆን ሲሆን ውሃና እሳት የማይፈልጉትን አብዛ። የታሸገ ባቄላ፣ ዓሣ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ብስኩት፣ የደረቀ ፍራፍሬ። ደረቅ ባቄላ ርካሽ ነው፣ ግን ለማብሰል ስንት ውሃና ስንት ሰዓት እሳት እንደሚበላ አስበው። በጣም ጨዋማ የሆነው ደግሞ ያስጠማል፣ ያ ሁሉ የተቆጠበ ውሃ በአንድ ምሳ ያልቃል። ማርከር ገዝተህ ዕቃዎቹ ክዳን ላይ የገዛህበትን ወርና ዓመት በትልቁ ጻፍ፤ ፋብሪካው የሚያትመው ቀን ብዙ ጊዜ ከታች ነው፣ ጨለማ ውስጥ አይነበብም። ያበጠ፣ ፈሳሽ የሚያንጠባጥብ ወይም ስትከፍተው የሚተፋ ቆርቆሮ ሳትቀምሰው ጣለው፤ ቀምሼ ልፍረድ የሚባልበት ነገር አይደለም። የቆርቆሮ መክፈቻም ይኑርህ፣ በእጅ የሚሠራ። አርባ ቆርቆሮ ደርድሮ መክፈቻ የሌለው ቤት በጣም ብዙ ነው።

«መብራት ከጠፋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደን እናበስላለን፣ ትንሽ ጄኔሬተርም በረንዳ ላይ አለን። መስኮት ከተከፈተ ምን ችግር አለው?»

ችግር አለው፤ በዚህ ላይ አላግባባም። ከሰል ቤት ውስጥ አይነድም፣ መስኮት ቢከፈትም። ጄኔሬተርም በረንዳ ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ወይም መስኮት አጠገብ አይነሳም። ከቤቱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ወደ በርና መስኮት እንዳይመለስ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ከሰሉም ጄኔሬተሩም የሚያወጡት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። ሰው «ደክሞኝ ነው» ብሎ ይተኛና አይነሳም። ከትልልቅ ማዕበሎችና የመብራት መጥፋቶች በኋላ በዚህ የሚሞተው ሰው ከአደጋው የተረፈ ሰው መሆኑ ነው የሚያናድደው። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከተገኘ ገዝታችሁ መኝታ ክፍል አጠገብ ስቀሉት።

ለብርሃንም ከሻማ የእጅ ባትሪ ይሻላል። መሬት እየተንቀጠቀጠ ሻማ የሚወድቅበት ቤት ውስጥ የጋዝ ሽታ ካለ ምን እንደሚፈጠር አትጠይቁኝ። በግንባር የሚታሰረው ዓይነት ባትሪ ሁለት እጅ ነጻ ስለሚያደርግ ልጅ ለያዘ ሰው ተመራጭ ነው። ትርፍ ድንጋዩን ከባትሪው ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ውስጡ ከከረመ ያፈሳል።

ቤንዚን መኖሪያ ቤት ውስጥ አይከማችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ጥራቱ ስለሚወርድ ማከማቸቱም ብዙ አያዋጣም።

ፍሪጁን በተመለከተ፣ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት። ስለዚህ ባዶ ቦታ ካለው በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሙሉበት፣ ሲቀዘቅዝ ስለሚያብጥ ጠርሙሱን ትንሽ ማጉደል ነው። በረዶው ቅዝቃዜ ይይዛል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ይጠጣል።

«እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ሁሉም ሰው ስለ ሩዝና ውሃ ነው የሚያወራው። ለእሷስ?»

ይህን ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥሽ። ሩዝ ከጎረቤት ይለመናል፤ የእናትሽን መድኃኒት ግን የትኛው ጎረቤት ይሰጥሻል? ስለዚህ እናንተ ቤት ከውሃው ቀጥሎ የሚመጣው ምግብ ሳይሆን እሱ ነው።

ሐኪሟን ወይም ፋርማሲስቱን በግልጽ ጠይቂ፦ ከወትሮው ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት የሚበልጥ ትርፍ ሊያዝላት ይችላል ወይ? አዲሱን ስታመጪ የቆየውን ቀድማ ትጠቀም፣ እንደ ምግቡ ማለት ነው። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። በአገልግሎት ላይ ያለው ግን ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ የክፍል ሙቀት 28 ቀን ያህል ይቆያሉ። የእሷ ስንት ቀን እንደሆነ ማሸጊያው ላይ አንብቢ ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቂ። መብራት ሲጠፋ ደንግጠሽ በረዶ ላይ እንዳታስተኚው፣ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። በጨርቅ ጠቅልለሽ በረዶው ሳይነካው ነው የሚቀመጠው።

መርፌው፣ የስኳር መለኪያው፣ የመለኪያው ባትሪና ስትሪፑም አብረው ይታሰቡ። ስኳር ሲወርድባት የምትወስደው ጣፋጭ ነገር እጇ የሚደርስበት ቦታ ይሁን። በአንድ ወረቀት ላይ የመድኃኒቶቹን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን፣ የሐኪሟን ስልክ፣ አለርጂ ካላት እሱንም ጻፊና በላስቲክ አድርገሽ ከመድኃኒቱ ጋር አስቀምጪ። ስልክሽ ላይ ብቻ ከሆነ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። አንቺ ላትኖሪም ትችያለሽ፣ ሌላ ሰው አንብቦ መርዳት አለበት።

መነጽር የምታደርግ ከሆነ የድሮውን አትጣይው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ብቻ የሆነ ነገር አለው፤ የሕፃን ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ፣ የአስም መንፊያ። በየዝርዝሩ ላይ የማይገኘው ይህ ነው፣ ሲጠፋ ደግሞ ቤቱን የሚያምሰው ይህ ነው።

«ልጅ ያላት እህቴ ለተቅማጥ ምን ልያዝ ብላ ትጠይቃለች።»

ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው የስኳርና የጨው ዱቄት። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ነፍስ ያድናል። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልኩን ሳታዛባ፤ ጨው ሲበዛ ሕፃን ይጎዳል። የምታጠባ ከሆነ ማጥባቱን አታቁም። ማር ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፣ ለክፉ ቀን ብላ ብታስቀምጥም ለትልልቆቹ ነው።

«ደመወዜ ከወር ወር አይደርስም። የሁለት ሳምንት ስንቅ ያዙ የሚሉን ሰዎች የት ነው የሚኖሩት? ደግሞስ ሁሉም ሰው ቢያከማች ገበያው አይራቆትም?»

ንዴትህ ይገባናል። ከቤት ኪራይ ወይም ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ነጥቀህ ስንቅ አትግዛ፣ ያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። በየገበያው አንድ ነገር ብቻ ጨምር። ሁለት ኪሎ ስትገዛ የነበረውን ሁለት ተኩል፣ አንድ ሳሙና የነበረውን ሁለት። ሌላው ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ውሃ መሙላት፣ ወረቀት መጻፍ፣ የመታወቂያና የሰነዶች ኮፒ በላስቲክ ማድረግ፣ ቤተሰቡ ቢበታተን የት እንደሚገናኝ መነጋገር። የሦስት ቀን ዝግጅት ግማሹ ገንዘብ አይፈልግም።

ጥያቄህ ሁለተኛው ክፍል ትክክል ነው፤ ግን ገበያውን የሚያራቁተው ቀስ ብሎ የሚይዝ ሰው አይደለም፣ በመጨረሻው ቀን የሚሮጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ በብዙ አገር ሶፍት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ሰው ሲጋፋ ዓለም አይቷል። ሶፍት! በሽታው የሚያሳጣው ነገር አልነበረም፣ ሰው ሲገዛ ሰው አይቶ ገዛ እንጂ። አስቀድመህ በየወሩ ትንሽ የምትይዝ ከሆነ በዚያን ቀን ሰልፉ ላይ አትኖርም፣ ያልያዘ ሰው ያንተን ድርሻ ያገኛል።

ከገንዘብህ ላይም ጥቂቱን በዝርዝር ኖት ቤት አስቀምጥ። ሚያዝያ 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ጊዜ መብራት ሲጠፋባቸው በካርድ መክፈል በብዙ ቦታ ቆሞ ነበር፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ነው የገዛው። ትልልቅ ኖት ብቻ ብትይዝ ደግሞ መልስ የሚሰጥህ አታገኝም።

«ይህን መጠየቅ አፈርኩ፤ ውሃ ከሌለ ሽንት ቤትስ?»

ምን ያሳፍራል፣ በሦስተኛው ቀን የሁሉም ሰው ጥያቄ ይህ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል በድርብ፣ በየጊዜው የሚነሰነስ አመድ ወይም የእንጨት ብናኝ። ለሽንት ሌላ ባልዲ ከተለየ ሽታው በጣም ይቀንሳል፣ ፌስታሉም ቶሎ አይሞላም። ታስሮ ከውሃና ከምግብ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እጅ መታጠቢያ ሳሙናና ውሃ እዚያው አጠገብ ይሁን። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ ኬሚካል ጋር እንዳትቀላቅል፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

«እኔ ሰነፍ ነኝ፣ ምንም አላዘጋጀሁም። ማዕበል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ብሰማና ጥቂት ሰዓት ብቻ ቢቀረኝስ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ግን ጅቡ ገና ካልደረሰ ብዙ ይሠራል። ቤቱን ለቃችሁ ውጡ ከተባለ ግን ይህን ሁሉ ተወውና ውጣ፤ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ገንዘብ፣ ውሃና ስልክ ይዘህ። እቆያለሁ ካልክ ቧንቧ ገና እየሠራ ስለሆነ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ የሕፃን መታጠቢያውን፣ ያለውን ሁሉ ሙላ፤ የሚጠጣውን ክደነው። ስልክና ፓወር ባንክ ቻርጅ አድርግ፣ ስልኩን ባትሪ ቆጣቢው ላይ አድርገው። ኔትዎርክ ሲጨናነቅ ከመደወል ይልቅ አጭር መልእክት ቶሎ ያልፋል። የፍሪጁን ቅዝቃዜ ከፍ አድርግና በሩን ዝጋው። ጫማህን ከአልጋው አጠገብ አድርገው ተኛ፣ በሌሊት የተሰበረ መስታወት ላይ በባዶ እግር እንዳትሄድ። ሱቅ ሮጠህ መሰለፍ ከፈለግክ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈት።